እንዳይነኩት

«ያችን ምስኪን አሮጊት እኮ በገመድ አስረው ነው የሚያውሏት» ሲባል የሰማሁት ሐሙስ ጠዋት፣ ፊቴን በሳሙና አሽቼ ዓይኔን እንደጨፈንኩ ነው። ተናጋሪዋ ጎረቤታችን አማከለች ናት፤ አድማጯ ደግሞ ቲማቲም ይዛ በየደጁ የምትዞር ሴትዮ። በእኛና በአማከለች ግቢ መካከል ያለው አጥር ቆርቆሮ ስለሆነ የምትለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ባለቲማቲሟ ማን ናት እንዲህ የምታደርገው ብትላት፣ ምራቷ ናታ፣ ያች ጎጃሜዋ አስተማሪ አለቻት። በዚህ ሰፈር አማቷ አብራት የምትኖር ሌላ ጎጃሜ አስተማሪ ካለች ትምጣና ስሙን ትካፈለኝ፤ እኔ የማውቀው ራሴን ብቻ ነው። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገባ። አጥሩን በቡጢ ልመታው አሰብኩና ተውኩት፤ ለአንደኛው ክፍለ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ቀርቶኛል፣ ደግሞስ ፊቷ አረፋ የሆነ ሴት ብትቆጣ ማን ይፈራታል። ግን ነደደኝ። እኔ ነፃነት፣ እኔ የቡሬ ልጅ፣ ሰው በገመድ ላስር!

ገመድስ አለ፣ አልክድም። ባለቤቴ የኔነህ ሠርግ ይቀርጻል፤ እኔ ደግሞ ከማስተማሩ በተረፈኝ ሰዓት የቀረጸውን እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ ዘፈን አገባበታለሁ፣ የሙሽሮቹን ስም በወርቅማ ፊደል እጽፋለሁ። ይህን ሁሉ የምናደርገው በወር ሰባት መቶ ብር በምንከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በሩን ሲገቡ በግራ ኮምፒውተሩ ያለበት ጠረጴዛ፣ በቀኝ ከባለቤቴ አገር ከቁሐር የመጣልን የሩዝ ጆንያ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የእኛ አልጋ፣ ከወዲህ ጥጉ ላይ የአማቴ የእማማ እናኑ ፍራሽ። በጠረጴዛውና በጆንያው መካከል ያለችው መተላለፊያ ሰው ጎኑን አዙሮ ቢያልፍባት ነው። ከካሜራው ካርድ የወጣው ቪዲዮ ሁሉ መጀመሪያ የሚከማችባት ዲስክ፣ መዳፍ የምታክል ጥቁር ሳጥን፣ የምትቀመጠው እዚያችው መተላለፊያ ላይ በበርጩማ ነው። ገመዷ አጭር ነው፣ የሚሠራልን ቀዳዳም በኮምፒውተሩ ፊት በኩል ያለው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ላልቷል። ሰው በርጩማውን ከነካው ወይም ገመዱን በእግሩ ከጠለፈው ከዲስኳ ወደ ኮምፒውተሩ የሚደረገው ግልበጣ ይቋረጥና እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመራል። የሚያናድደው ዲስኳ ራሷ ፈጣን መሆኗ ነው። የገመዷ ጫፍ ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊ ቀዳዳ ያለው ኮምፒውተር ብታገኝ የአንድ ሠርግ ቪዲዮ፣ ሦስት መቶ ጊጋ፣ በአንድ ሰዓት አራግፋ ትጨርሳለች። የእኛ ኮምፒውተር ግን አሮጌ ነው፤ በርሜል ሙሉ ውሃ በጠርሙስ አፍ እንደ መቅዳት ነው። የኔነህ በጠዋት ይከፍተዋል፣ ስክሪኑ ስድስት ሰዓት ይቀራል ይላል፣ እሱ ካሜራውን አንግቶ ይወጣል። የዚያን ዕለትም የእሑዱን ሠርግ ማስገልበጥ ጀምሮ ለሌላ ሠርግ ወደ ይፋግ ሄዷል።

እማማ እናኑ ከቁሐር ሚካኤል የመጡት ለዓይናቸው ነው። ሁለቱንም ሞራ ሸፍኖታል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ሰው አይለዩም። ሞራ የሚገፉት ሐኪሞች ደብረ ታቦር የሚመጡት ቅዳሜ ነው፣ ስማቸውም ተመዝግቧል፤ ይህ ዙር ካመለጠ ቀጣዩ ከዓመት በኋላ ነው፣ ያም ከመጣ። እና ረቡዕ ማታ ራት ላይ፣ ሁለት ጊዜ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡና «ዓርብ በጠዋት ወደ ቤቴ ልሂድ» አሉ። የኔነህ ምነው እናቴ፣ ቅዳሜ እኮ ነው ቀኑ አላቸው። እንዲሁ ናፈቀኝ አሉት። ዓይንሽስ ሲላቸው፣ ዓይኔማ እስከ ዛሬ ያየው ይበቃዋል አሉ። እሱ እኔን አየኝ፣ እኔ ግድግዳውን አየሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ተቀይሜያቸው ነበር። ከመጡ ጀምሮ ጠዋት የማስቀምጥላቸውን ቁርስ ሳይነካ ነው የማገኘው፤ ውሃው እንደተከደነ፣ እንጀራው ጠርዙ እንደደረቀ። የጎጃሜ ወጥ አልጣማቸውም ብዬ ደመደምኩ። በአፌ ባልናገርም ፊቴን አጥቁሬባቸው ነው የከረምኩት፤ ባያዩትም።

ደንቡ የወጣው በጥር መጀመሪያ ነው። እማማ እናኑ በመጡ በሦስተኛው ቀን ወደ ደጅ ሲወጡ ገመዱን በእግራቸው ጠለፉት፣ ዲስኳ ከበርጩማው ወደቀች፣ በዚያ ሰዓት ይገለበጥ የነበረ የአንዲት ሙሽራ የመልስ ቪዲዮ እንዳለ ተበላሸ። የሙሽራዋ እናት ቤታችን ድረስ መጥታ ልጇ የሞተችባት ያህል አለቀሰች። የኔነህ እናቱን ተቆጣ። ከዚያ መላ ሲያጣ ሁለቱን ቤተሰብ ለምኖ መልሱን እንደገና ቀረጸው፤ ሙሽሮቹ በሁለተኛው ሳምንት ካባቸውን ደርበው፣ ዘመድ አዝማዱ ባዶ ብርጭቆ እያነሳ፣ ያልተበላውን እንደተበላ አድርገው እየሳቁ ዋሉ። ያን ቪዲዮ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ የሙሽራው አጎት በየመካከሉ ሰዓቱን ያያል። እማማ የሴትዮዋን ለቅሶ ከጥጋቸው ሆነው ሰሙ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር «እንዳይነኩት፣ እማማ» እላለሁ። አንቱ እያልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በጨዋ ደንብ። እንዳይነኩት፣ ባያልፉበት ይሻላል፣ ቁጭ ይበሉ። ስለዚያ ዕለት ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር ነበረኝ፤ እደርስበታለሁ።

ትምህርት ቤት ደርሼ የዘጠነኛ ክፍልን የኮምፒውተር ትምህርት ጀመርኩ። ሦስት ሰዓት ሲሆን መብራት ጠፋ። አሥራ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ጠቆሩ፤ እንደ ልማዴ ማውዝ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሣልኩና ይኼ ግራው፣ ይኼ ቀኙ እያልኩ እስከ ስድስት ሰዓት አስተማርኩ። ሐሳቤ ግን አማከለች ላይ ነበር። የምላትን በልቤ ደርድሬያለሁ፤ አንዳንዱን ደግሞ እያሻሻልኩ ደጋግሜዋለሁ። ቤት ያለው ግልበጣ ከመብራቱ ጋር እንደተቋረጠ አውቄያለሁ፣ የኔነህ ማታ ሲመጣ እንደሚናደድም አስቤያለሁ። ከማሽኑ አጠገብ ስለተቀመጡት ሰው ግን አንዴም አላሰብኩም። ዛሬ ሳስታውሰው የሚያሳፍረኝ ይኼ ነው።

ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ቤቴ ሳልገባ ቀጥታ አማከለች ደጅ ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ በሰፌድ ሩዝ ትለቅማለች። ጠዋት ያልሽውን ሰምቻለሁ፣ ሰው ፊት ስሜን ታጠፊያለሽ፣ የት አየሽኝ ገመድ ይዤ ሰው ሳስር እያልኩ ወረድኩባት። ትክዳለች ብዬ ነበር። አልካደችም። ቀና ብላም አላየችኝ፤ ጠጠሯን ለቅማ ወረወረችና እንድቀመጥ በርጩማ ገፋችልኝ። ከዚያ ነገረችኝ። ሰኞ ዕለት ኑ ቁርስ አብረን እንቅመስ ብላ በአጥሩ ጠርታቸው ኖሯል። አልነሳም፣ የሰው ልጅ ሠርግ እየተሰፈረ ነው አሏት። ማክሰኞም እንዲሁ። ገብታ ብታይ ፍራሹ ጠርዝ ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እግራቸውን ሰብስበው፣ ድርቅ ብለው ተቀምጠዋል።

«ውሃ እንኳ አትጠጣም፣ ታውቂያለሽ?» አለችኝ አማከለች። «ለምን አይጠጡም ብላት፣ ከጠጣሁ ደጅ ያሰኘኛል፣ ደጅ ልውጣ ካልኩ ገመዱን እነካለሁ አለችኝ። እንግዲህ ይኼ መታሰር ካልሆነ ስሙን አንቺ ንገሪኝ፤ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ።»

ያ ሳይነካ የማገኘው ቁርስ፣ ያ እንደተከደነ የሚቆየኝ ውሃ፣ እኔ ንቀት ነው ብዬ የተቀየምኩበት! ለአማከለች አመሰግናለሁም ይቅርታም ሳልላት ተነስቼ ሄድኩ።

ቤት ስገባ እማማ እናኑ ልክ እንዳለችው ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ ጠቁሯል፣ የዲስኳ መብራት ጠፍቷል፣ ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ዝንብ ብቻ ነው። መብራት ከሄደ ሦስት ሰዓት አልፎታል። እሳቸው አያዩ፣ የነገራቸውም ሰው የለ። ሦስት ሰዓት ሙሉ የሞተ ሳጥን ሲጠብቁ ቆይተዋል። ኮቴዬን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ።

«ነፃነት ነሽ? ስንት ቀረው፣ ልጄ?»

በከንቱ ነው የተቀመጡት ማለት አቃተኝ። አልቋል እማማ፣ ይነሱ አልኳቸው። ዋሸሁ። ተነሱ፤ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን እየዳበሱ፣ በሌላው ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እግራቸውን ከመሬት ሳያነሱ እያንሸራተቱ አለፉ። ይህን አካሄድ መቼ እንደተለማመዱት አላውቅም፤ አንድ ቤት እየኖርን አላየሁትም። ከሽንት ቤት ሲመለሱ ግን ግቢው መካከል ቆመው ጆሯቸውን ሰጡ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የሩዝ ወፍጮ መብራት ሲኖር ሰፈሩን ያናውጠዋል፤ አሁን ጭጭ ብሏል። እህል አልመጣለትም ብዬ ነበር፣ ለካ መብራት የለም አሉ። መብራት ከሌለ እንዴት አለቀ አሉ ቀጥለው፣ እንደ ወቀሳ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ከዚያ ገቡና ተመልሰው ያችው ቦታ ተቀመጡ። የቀዳሁላቸውን ውሃ አመስግነው ተቀብለው ሳይቀምሱ አጠገባቸው አስቀመጡት።

ተመልሼ ወጣሁ። በመናኸሪያው መንገድ የጽሕፈት መሣሪያና የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠው ወንዴ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ካርድ በመስታወቱ ውስጥ አስቀምጧል፤ ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ውስጡ የሚሰካ፣ ወደ ኋላ በኩል ሁለት ሰማያዊ ቀዳዳ የሚያወጣ። ዋጋው ስምንት መቶ ሃምሳ ብር ነው። ባየሁት ቁጥር የሚቀጥለው ወር እያልኩ አልፈዋለሁ፤ በመካከሉ የኔነህ የሙሽራ ፊት ያሳምራል ብሎ የሁለት ሺህ ብር መብራት ገዛ። ወንዴ ሲያየኝ ዛሬም ተሳልመሽው ልትመለሺ ነው አለኝ። አውጣው አልኩት። ለእህቴ ሠርግ ቀሚስ ላሠራበት ከያዝኩት ላይ ሰጠሁት፣ ሃምሳውን ማረኝ። ምን አስቸኮለሽ፣ መብራትም የለ ሲለኝ ዕቃውን ይዤ በሩ ላይ ደርሻለሁ። እየሄድኩ ለየኔነህ ደወልኩ። ይፋግ ከበሮው ይደለቃል፣ እልልታው ይቀልጣል፤ ምን አልሽ፣ አይሰማም፣ ማታ እናወራለን ብሎ ዘጋው። እናትህ ቀኑን ሙሉ ውሃ አይጠጡም ልለው ነበር።

የኮምፒውተሩን ጎን በካቻቪቴ ፈታሁት። ውስጡ የሩዝ ገለባ ብናኝ ሞልቶታል፤ በጨርቅ ጠረግኩና ካርዱን ሰካሁ። አዲሶቹ ቀዳዳዎች ከኋላ ስለሆኑ ዲስኳን ወደ ጠረጴዛው ጀርባ፣ ግድግዳው ጋ አዛወርኳት፤ በርጩማውም ከመተላለፊያው ተነሳ። እማማ እናኑ የብረቱን ድምፅ ሲሰሙ ምን እየፈታሽ ነው አሉኝ፤ አፉን እያሰፋሁት ነው አልኳቸው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወፍጮው ጮኸ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፣ ገመዱን በሰማያዊው ቀዳዳ ሰካሁ፣ የእሑዱን ሠርግ እንዲገለብጥ አዘዝኩት። ስክሪኑ መጀመሪያ ሦስት ሰዓት አለ፣ ወዲያው ወደ ሁለት ወረደ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ብሎ ረጋ። ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያውም ሳቄ አስጠላኝ፤ በስምንት መቶ ብር የሚቀር ነገር ነበር እንዴ።

ፍራሹ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከመጡ እንዲህ ሥራ ፈትቼ አጠገባቸው ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። እየተሰፈረ ነው ያሉትን ጠየቅኳቸው። በእሳቸው አገር አውድማ ላይ ምርት ሲሰፈር ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ በመካከልም አይሻገርም፣ ከተሻገረ በረከቱ ይነሳል አሉኝ። ይኼም ያው ከአንዱ ጎተራ ወደ ሌላው መስፈር ነው፣ ያውም የሰው ልጅ ሠርግ። እኔ ደንብ ያወጣሁ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው የያዙት ግን እንደ ሃይማኖት ነው። ቀስ ብዬ፣ ታዲያ ዓርብ ለምን ይሄዳሉ፣ ሁለት ቀን ቢታገሡ ዓይንዎ ይበራ የለም ወይ አልኳቸው። የቀሚሳቸውን ጫፍ በጣታቸው አጠፉ።

«እዚያ ብወጣ ብገባ የሚበጠስ ነገር የለም፣ ልጄ» አሉኝ።

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ግልበጣው አለቀ። አንድ በአንድ ከፍቼ አየሁት፤ አንድም የጎደለ የለም። አለቀ እማማ፣ ይነሱ፣ ውሃም ይጠጡ አልኳቸው። አልተነሱም። ቀን ላይም አለቀ ብለሽኝ ነበር አሉ። ይኼ ነገር ከጠዋት እስከ ቀትር የሚፈጅ ነው፤ ወፍጮው ከተነሳ ገና ምን ያህል ቆየ? ለእኔ አዝነሽ የሰው ሠርግ አታጥፊ፣ እኔ ለምጄዋለሁ፣ እቀመጣለሁ አሉኝ። ስለ ሰማያዊው ቀዳዳ አስረዳሁ፣ ስለ ፍጥነቱ አስረዳሁ፣ ለዘጠነኛ ክፍል እንደማስረዳው በምሳሌ አስረዳሁ። አይተው እንዲያምኑኝ ዓይን የለ፤ ሰምተው እንዳያምኑኝ ቀን ላይ ዋሽቻለሁ። በመጨረሻ ገመዱን ነቀልኩና ዲስኳን ከነገመዷ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኳት። ደንግጠው እጃቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ ያዝኳቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዳይነኩት ያልኳቸውን ዕቃ በሁለት እጃቸው ይዘውት ቀሩ፤ ገና ትሞቃለች።

ያኔ ነው የተናገርኩት። በዚያን ዕለት ዲስኳን የጣላት የእሳቸው እግር ነው፤ መልሱን ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። ግልበጣው አልቆ ሳይረጋገጥ ከካሜራው ካርድ ላይ ዋናውን መደምሰስ አይፈቀድም፤ አዲሱ ጎተራ ሳይሞላ የድሮውን ጠራርጎ እንደ መጣል ነው። የሙያው አንደኛ ሕግ ይኼ ነው፣ ለተማሪም አስተምረዋለሁ። እኔ ግን ለማግስቱ ሠርግ ባዶ ካርድ ሲፈለግ፣ ምን ይመጣል ብዬ በዋዜማው ማታ ደመሰስኩት። ካርዱ ቢኖር ዲስኳ መቶ ጊዜ ብትወድቅ ምንም አይጠፋም ነበር። የሙሽራዋ እናት ስታለቅስ፣ የኔነህ እናቱን ሲቆጣ፣ እኔ አፌን ይዤ ቆምኩ። አሮጊት ናቸው፣ ይረሱታል አልኩ። ይህን ሁሉ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው፣ አንዱንም አላስቀረሁ።

የእማማ እናኑ አውራ ጣት የዲስኳን ጠርዝ ያሻል። ከዚያ ለጥር ሚካኤል ወደ ቁሐር የሄዱ ጊዜ ለነፍስ አባታቸው ተናግረውት እንደነበር ነገሩኝ። የሰው ልጅ መልስ አጠፋሁ፣ እናት አስለቀስኩ ብለው ንስሐ ገቡ፤ በየቀኑ አርባ አርባ ስግደት ተሰጣቸው። ጎህ ሳይቀድ ከመጋረጃው ማዶ የሚሰማኝ የጉልበት ድምፅ ያ ኖሯል። እኔ አሮጊት እንቅልፍ የላትም እያልኩ ብርድ ልብሱን ጆሮዬ ላይ ስጠቀልል ነው የከረምኩት።

«እንግዲያ» አሉ በመጨረሻ፣ «የሰገድኩት ለአንቺ ይቆጠርልሽ።»

አለቀስኩ። አላባበሉኝም፣ አልገሠጹኝምም። ሲበቃኝ ዲስኳን ወደ እኔ ዘረጉና እግሬ ደንዝዟል፣ ያዥኝ አሉ። ከመጡ ጀምሮ ያዥኝ ብለውኝ አያውቁም። በክንዳቸው ይዤ አስነሳኋቸው፣ እኔ ከፊት እሳቸው ከኋላ ሆነን በመተላለፊያዋ አለፍን። በሩ ላይ ሲደርሱ ውሃውን ጠየቁኝ፤ ቆመው ብርጭቆውን እስከ ታች ጠጡትና ሌላ ቅጂልኝ አሉ። ሁለተኛውን አጋምሰው ትንፋሽ ወሰዱ።

«የቅዳሜው የደብረ ታቦር መኪና በስንት ሰዓት ነው የሚነሳ?» አሉኝ።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ከመናኸሪያ ነው፣ እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ አልኳቸው። ቅዳሜ የኔነህ ሠርግ አለበት፣ እኔም ረዳቱ ነኝ። ማታ ሲመጣ ሌላ ሰው ፈልግ እለዋለሁ። ስለ መልሱም እነግረዋለሁ።